ከካርቡራቶሩ በፊት ታንኩን እዩ

አሮጌ የቤንዚን ፒክአፕን ወደ ኢታኖል ስለመቀየር የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ? ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ይህን ጠርሙስ እዩልኝ። ውስጡ ያለው ኢታኖል ነው። የዛሬ ሁለት ሳምንት ስሞላው እንደ ውሃ የጠራ ነበር። አሁን ቀጠን ያለ ሻይ መስሏል። ከታች ሁለት ነገሮች ተኝተዋል። አንዱ ከአሮጌ መኪና የነዳጅ መስመር ላይ የቆረጥኩት፣ ጣት የሚያህል የጎማ ቱቦ ነው። ሌላው ከድሮ ካርቡራቶር፣ ማለትም ነዳጅና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ ከሚሰጠው ዕቃ፣ የወጣ ከቡሽ የተሠራ ተንሳፋፊ ነው፤ ፍሎት የምንለው።

ቡሹ ነዳጅ እንዳይመጥ ድሮ ሼላክ ይቀቡት ነበር። ሼላክ ቤንዚን ውስጥ ዓመታት ቢቀመጥ ምንም አይሆንም። አልኮል ሲያገኘው ግን ይሟሟል። የቤት ዕቃ የሚወለውሉ አናጢዎች ሼላክን የሚበጠብጡት በአልኮል ነው። እናም ይህ ቡሽ ቀለሙን አጥቶ፣ ነዳጁን ጠጥቶ፣ ሰምጧል። ጎማው ደግሞ አብጧል። ስትጫኑት እንደ ሊጥ ለስለስ ይላል፤ ጣት ላይም ጥቁር ነገር ይተዋል።

አሁን ይህ ነገር መኪና ላይ ሲሆን አስቡት። ተንሳፋፊው ከሰመጠ የነዳጁን መግቢያ የሚዘጋው የካርቡራቶሩ መርፌ አይዘጋም። መርፌው ካልዘጋ ነዳጁ ሞልቶ ይፈሳል። የሚፈሰው ደግሞ የጋለ ሞተር ላይ ነው።

ጠርሙሱን ያመጣሁት ላስፈራራችሁ አይደለም። አሮጌ የቤንዚን ፒክአፕ በኢታኖል ይሠራል። በደንብም ይሠራል። እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ። ግን ሰው ስለዚህ ሥራ ሲጠይቀኝ ሁሌም የሚነሳው ከካርቡራቶሩ ነው። "ጄቱን፣ የነዳጁን ቀዳዳ፣ በስንት ልብሳው?" ይለኛል። መጀመሪያ ታንክህን እይ እለዋለሁ። ይህ ሥራ የሚጀመረው ከመኪናው ኋላ ነው። ከታንኩ ተነስቶ ቱቦ በቱቦ፣ ጋስኬት በጋስኬት እየተመጣ፣ ካርቡራቶሩ ጋ የሚደረሰው መጨረሻ ላይ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1973 የዓለም ነዳጅ ዋጋ ሲንር ክፉኛ ተጎዳች። ሸንኮራ አገዳ ግን ሞልቷታል። በ1975 ፕሮአልኮል የተባለውን አገራዊ ፕሮግራም ጀመረች። በ1979 በኢታኖል ብቻ የሚሄድ ፊያት 147 በብዛት ተመርቶ ገበያ ወጣ። በ1980ዎቹ አጋማሽ እዚያ አገር ከሚሸጡ 10 አዳዲስ መኪኖች 9ኙ የኢታኖል ነበሩ። እነዚያ መኪኖች ካርቡራቶር ያላቸው፣ ኮምፒውተር የሌላቸው ቀላል መኪኖች ናቸው። ልክ እንደኛ አሮጌ ፒክአፕ ማለት ነው። መሐንዲሶቹ ግን ቀዳዳ አስፍተው ብቻ አልተዉትም። የካርቡራቶሩ ብረት በኢታኖሉ እንዳይበላ በኒኬል ለበጡት። ታንኩን ከዝገት የሚከላከል ነገር ቀቡት። ይህን ልብ በሉልኝ።

አሁን ስለ ነዳጁ ጠባይ ትንሽ ላውራ። ይህን የተረዳ ሰው ቀሪውን ሥራ ራሱ ይደርስበታል።

1 ኪሎ ቤንዚን በቅጡ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ለ1 ኪሎ ኢታኖል 9 ኪሎ አየር ይበቃል። ለምን? ኢታኖል ስንቁን ይዞ የሚመጣ እንግዳ ነው። ከክብደቱ 35 ከመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ያው ስለሆነ፣ ለዚያው አየር ብዙ ኢታኖል መስጠት አለብን። በሊትር ስናሰላው አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው።

በሌላ በኩል 1 ሊትር ቤንዚን ውስጥ 32 ሜጋጁል ያህል ኃይል አለ። 1 ሊትር ኢታኖል ውስጥ ያለው 21 ገደማ ነው። ሁለት ሦስተኛ ማለት ነው። ሰው ይህን ሲሰማ "እንግዲያው መኪናዬ ዳገት አይወጣም" ይላል። ስህተቱ እዚህ ጋ ነው። ሞተር ጉልበት የሚያወጣው በሳበው አየር ልክ ነው። ለአንድ ኪሎ አየር የሚሰጠው ኃይል በቤንዚንም በኢታኖልም እኩል ነው ማለት ይቻላል። ጉልበቱ አይቀንስም። የሚቀንሰው በአንድ ታንክ የምትሄዱት ርቀት ነው። 60 ሊትር ታንክ 480 ኪሎሜትር ያስኬድ ከነበረ፣ አሁን ከ320 እስከ 350 ጠብቁ። ረጅም መንገድ የምትሄዱ ሰዎች ይህን አስቀድማችሁ አስቡበት። መንገድ ላይ ኢታኖል በቀላሉ የማይገኝ ከሆነ ሥራውን ባትጀምሩት ይሻላል።

ወደ ታንኩ እንመለስ።

የኔን ፒክአፕ ስቀይር ታንኩን አላወረድኩትም ነበር። ከላይ በባትሪ መብራት አየሁት፤ ንጹሕ መሰለኝ። ቱቦዎቹን ቀየርኩ፤ ካርቡራቶሩን አስተካከልኩ፤ ኢታኖል ሞላሁ። ሞተሩ ተነሳ፤ ድምፁም ለስላሳ ነበር። 40 ኪሎሜትር ያህል እንደሄድኩ ዳገት ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ቀጥ አለ። ፊልትሮውን ፈትቼ ነጭ ጨርቅ ላይ ገለበጥኩት። የወጣው ቡና አተላ የመሰለ ወፍራም ቡናማ ነገር ነው። አዲስ ፊልትሮ አስገባሁ። 30 ኪሎሜትር ሳልሄድ እሱም ተደፈነ። በዚያን ቀን ብቻ ሦስት ፊልትሮ ጨረስኩ።

ምን ሆኖ ነው? ቤንዚን ዓመታት ሲቀመጥ ታንኩ ግድግዳ ላይ እንደ ቫርኒሽ ያለ ነገር ይጋግራል። ከሥሩ ዝገት አለ። ቤንዚኑ አይነካውም፤ እዚያው ተጣብቆ ይኖራል። ኢታኖል ግን ፍቆ ያወርደዋል። ዓመታት የተከማቸው ቆሻሻ በአንድ ቀን ተነስቶ ወደ ሞተሩ ይጓዛል። አንዳንድ ታንክ ደግሞ ከዚህ ቀደም ሲያንጠባጥብ ውስጡን በማሸጊያ ቀለም ተቀብቶ ይሆናል። ያ ቀለም ኢታኖልን የማይችል ከሆነ እየተላጠ ይወጣል። የፋብሪካው ሽፋን ራሱ እርሳስና ቆርቆሮ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል፤ ኢታኖል፣ በተለይ ውሃ ያለበት፣ ይህን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

ስለዚህ ታንኩን አውርዱት። ባዶ አድርጉት፤ እጠቡት፤ አድርቁት። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። ባዶ የቤንዚን ታንክ ከሞላው የበለጠ አደገኛ ነው፤ ውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳል። መበየጃም ሆነ መፍጫ አጠገቡ አይድረስ። ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ውስጡን በመስታወትና በመብራት እዩት። ብረቱ በዝገት የተበሳሳ ከሆነ አትልፉ፤ ሌላ ታንክ ፈልጉ። የነዳጅ መጠን የሚያሳየውን መሣሪያም አብራችሁ አውጡት። ሽቦው ነዳጅ ውስጥ ነው የሚኖረው። ኢታኖል ከቤንዚን በተለየ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የተገለጠ የሽቦ ጫፍ ካለ ይበላል፤ ጌጁም መዋሸት ይጀምራል።

ከታንኩ ቀጥሎ ቱቦው ነው። አሮጌውን ጎማ በሙሉ አንሱ። ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ የሚበጣጠስ አለና በዓይን አትፍረዱ። ለኢታኖል የተፈቀደ መሆኑ የተጻፈበትን ቱቦ ግዙ። ቫይተን የሚባለው ጎማ፣ ቴፍሎን፣ ናይለንና አይዝጌ ብረት ኢታኖልን ይችላሉ። ተራ ጎማ፣ ቡሽና ፖሊዩሬቴን አይችሉም። ዚንክ፣ አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ደግሞ ውሃ ያለበት ኢታኖል ሲያገኛቸው ነጭ ዱቄት እያወጡ ይቦረቦራሉ። ፓምፑ በሞተሩ የሚነዳ ሜካኒካል ከሆነ ውስጡ ያለውን ስስ ጎማ ቀይሩት። ይህ ጎማ ከተቀደደ ነዳጁ በቀጥታ ወደ ዘይቱ ይገባል። የዚያን ጊዜ ሞተሩን ማጣት ነው።

ይህን ሁሉ ከጨረሳችሁ በኋላ ነው ካርቡራቶሩን የምትፈቱት።

ጄት ማለት ነዳጅ የሚያልፍባት ትንሽ የናስ ብሎን ናት። መሃሏ ላይ ልኳ የተለካ ቀዳዳ አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አንድ ስህተት ይሠራል፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። ነዳጁ አንድ ተኩል እጥፍ ያስፈልጋል ስለተባለ የቀዳዳውን ከዳር እስከ ዳር ልክ በአንድ ተኩል ያበዛል። 1.30 ሚሊሜትር የነበረውን 1.95 ያደርገዋል። ነገር ግን ነዳጅ የሚያልፈው በቀዳዳው ሙሉ ገጽ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ባለው ልክ አይደለም። 1.95 ሲሆን የገጹ ስፋት ሁለት እጥፍን ያልፋል። ትክክለኛው ወደ 1.6 ገደማ ነው። በአጭሩ የቀዳዳው ልክ ከሩብ ብዙም ያልራቀ ጭማሪ ይበቃዋል። ከ20 እስከ 25 ከመቶ አካባቢ ጀምሩ።

እኔ አብዝቼ ስበሳ የሆነውን ልንገራችሁ። ቤንዚን ሲበዛ ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ኢታኖል ግን ጥላሸት የለውም ማለት ይቻላል። ጭስ አላየሁም። መኪናው ትንሽ ፈዘዝ ከማለቱ በቀር ደህና ይመስል ነበር። ከሳምንት በኋላ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሳወጣ ዘይቱ ከልኩ ከፍ ብሏል። አሸተትኩት፤ አልኮል አልኮል ይላል። ያልተቃጠለው ነዳጅ የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ ወደ ዘይቱ ይወርድ ነበር። በዚያው ብቀጥል ሞተሩን እበላው ነበር።

ጄቶቹን አራት አምስት አድርጋችሁ ግዙ። ለመኪናው የተሠራውን የመጀመሪያውን አትንኩት፤ በወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። ሌሎቹን 1.50፣ 1.55፣ 1.60፣ 1.65 እያላችሁ ብሱ። ትልቅ መሰርሰሪያ አያስፈልግም። ቀጭን ፑንታ በእጅ መያዣ ላይ አድርጋችሁ በሁለት ጣት እያሽከረከራችሁ፣ ቀስ ብላችሁ። ናስ ገር ነው፤ ፑንታው ሲነክስ በጣታችሁ ይሰማችኋል። ሲያልቅ ዳሩ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ አጽዱ። ከዚያ እያፈራረቃችሁ ሞክሩ። የምትሞሉት ንጹሕ ኢታኖል ሳይሆን 15 ከመቶ ቤንዚን ያለበት ኢ85 ከሆነ ከትንሹ ጀምሩ፤ እሱ የሚፈልገው ነዳጅ ትንሽ ይቀንሳል።

ዋናው ጄት ብቻም አይደለም። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ነዳጅ የሚሰጠው ሌላ መስመር ነው፤ እሱም መስፋት አለበት። ፔዳሉን ድንገት ስትረግጡ ነዳጅ የሚረጨው ትንሹ ፓምፕም መጠኑን መጨመር ይፈልጋል፤ አለበለዚያ መኪናው ሲነሳ ይደናቀፋል። ተንሳፋፊውንም አትርሱ። ኢታኖል ከቤንዚን ትንሽ ይከብዳል። በከባድ ፈሳሽ ላይ ተንሳፋፊ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ መርፌውንም ቶሎ ይዘጋዋል። ስለዚህ ከፍታው በጥቂቱ መስተካከል አለበት።

ልኩን በምን እናውቃለን? በቤንዚን ጊዜ ካንዴላ ፈትተን ቀለሙን እናያለን። በኢታኖል ይህ ያታልላል። ኢታኖል ንጹሕ ስለሚቃጠል ካንዴላው ሁልጊዜ ገርጥቶ ነው የሚወጣው። እኔ የምመክረው ጭስ ማውጫው ላይ ሰፊ ልኬት ያለው የኦክስጅን ሴንሰር እንድታስገቡ ነው። ወጪ አለው። ግን ከአንድ የተቃጠለ ቫልቭ ይረክሳል። ስታነቡት በላምዳ አንብቡት። ላምዳ 1 ማለት አየሩና ነዳጁ ልክ ለልክ ነው፤ ነዳጁ ምንም ይሁን ምን። ሜዳ ላይ 1 አካባቢ፣ ሙሉ ጭነት ይዛችሁ ዳገት ስትወጡ 0.85 ወይም 0.9 ይሁን። ጭነት ላይ ከ1 በላይ ካያችሁ ወዲያው እግራችሁን አንሱ። ነዳጅ ያነሰው ሞተር ይግላል፤ ቫልቩንም ያቃጥላል።

ካንዴላው እሳት የሚጥልበትን ጊዜ በተመለከተ ብዙ አልልም። ኢታኖል ማንኳኳትን፣ ማለትም ነዳጁ ያለጊዜው ሲቃጠል የሚሰማውን ድምፅ፣ በጣም ይቋቋማል፤ የዚህ መለኪያ የሆነው ኦክቴኑ ከ100 በላይ ነው። ስለዚህ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር ጥቂት ዲግሪ ማስቀደም ይቻላል። ሁለት ሁለት ዲግሪ እየጨመራችሁ ሞክሩ፤ ጉልበት መጨመሩን ሲያቆም እዚያ አቁሙ። የኢታኖል ሙሉ ጥቅም የሚወጣው 12 ለ 1 በሚያህል እምቅታ፣ ማለትም ፒስተኑ የአየርና የነዳጁን ድብልቅ በሚጨምቅበት ልክ፣ ነው። አሮጌ ፒክአፕ አብዛኛውን ጊዜ 8 አካባቢ ነው ያለው። ሞተሩ ለሌላ ምክንያት ከተፈታ ፒስተኑን ስትቀይሩ አስቡበት። ለዚህ ብላችሁ ግን ደህና ሞተር አትፍቱ።

አሁን ብዙ ሰው ተስፋ ወደሚቆርጥበት ነገር ልምጣ፤ የጠዋት ብርድ።

ንጹሕ ኢታኖል ከ13 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሆን እሳት የሚይዝ በቂ ትነት አይሰጥም። ካንዴላው እሳት ይጥላል፤ ነዳጁ ግን ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል። ባትሪው እስኪሞት ብታዞሩት አይነሳም። ከዚህ ሌላ፣ ኢታኖል ሲተን ብዙ ሙቀት ይወስዳል። ለዚያው ለሚሳበው አየር ሲሰላ ከቤንዚን ወደ 4 እጥፍ ይጠጋል። የኔ ፒክአፕ ላይ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ሞተሩ ሞቆ፣ ራዲያተሩ ግሎ፣ የካርቡራቶሩ ሥር ግን ላብ አጥልቆት ነበር። ትንሽ ቆይቶ ላቡ ነጭ ውርጭ ሆነ። እጄን ሳስጠጋው በረዶ ነው። ከዚያ ጥቂት ወረድ ብሎ እጅ የሚልጥ ብረት አለ።

መፍትሔው ሁለት ነው። ብራዚሎች ኮፈኑ ሥር ትንሽ የቤንዚን ታንክ አስቀመጡ። ጠዋት ትንሽ ቤንዚን ወደ አየር መሳቢያው ይረጭና ሞተሩ በሱ ይነሳል፤ ከዚያ ኢታኖሉ ይቀጥላል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። አንድ ሊትር የምትይዝ ዕቃ፣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕና ዳሽቦርዱ ላይ አንድ ቁልፍ። ሁለት ሰከንድ እጫናለሁ፤ ከዚያ ቁልፉን አዞራለሁ። ይነሳል። ዕቃዋ ግን ከጭስ ማውጫውና ከባትሪው የራቀች፣ ጥብቅ ክዳን ያላት፣ በደንብ የታሰረች ትሁን።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። አብዛኛው አሮጌ መኪና ሲሠራ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ሞቃት አየር ወደ አየር ማጣሪያው የሚወስድ ቱቦ ነበረው። ብዙ ጊዜ ቱቦው ተቀዶ ተጥሏል። ፈልጋችሁ መልሱት። ቤንዚን ላይ ብዙም የማትፈልጉት ነገር እዚህ ዋና ይሆናል።

ኢታኖልን ከቤንዚን ጋር ስለ መቀላቀልም ጥያቄ አይቀርም። ተራ የአልኮል ማጣሪያ የሚያወጣው ኢታኖል ውስጥ 4 ወይም 5 ከመቶ ውሃ አለ። አፍልቶ እንፋሎቱን በማቀዝቀዝ ብቻ ከዚያ በላይ ማጥራት አይቻልም። ለብቻው ከተቃጠለ ይህ ውሃ ማቃጠሉን አያውክም። ግን ብዙ ቤንዚን ባለበት ታንክ ላይ ጥቂቱን ብትጨምሩ ሊለያይ ይችላል። ውሃውና አልኮሉ ከታች ይተኛል፤ ቤንዚኑ ከላይ ይንሳፈፋል። ፓምፑ የሚስበው ከታች ነው። ቀድማችሁ በጠርሙስ ሞክሩት። በጠራ ጠርሙስ ቀላቅላችሁ፣ ነቅንቃችሁ፣ አንድ ሌሊት አሳድሩት። ጠዋት መሃሉ ላይ መስመር ከታየ ታንካችሁ ውስጥም ይኸው ነው የሚሆነው።

በካርቡራቶር ፈንታ በኢንጀክሽን፣ ማለትም ኮምፒውተር በሚያዛቸው ነዳጅ ረጪዎች፣ ስለሚሠራ ፒክአፕ አንድ ወንድማችን በር ላይ ጠይቆኛል። መንገዱ ያው ነው፤ ከታንኩ ይጀመራል። ጄት በመብሳት ፈንታ ኢንጀክተሩ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲከፈት ኮምፒውተሩ ይስተካከላል፤ ወይም ትልቅ ኢንጀክተር ይገባል። ኮምፒውተሩ በራሱ የሚያስተካክለው ጥቂት ነው። የቀረውን ካላገዛችሁት ነዳጅ አንሶት ይሄዳል።

እሳትን በተመለከተ ሳልናገር አልወርድም። የኢታኖል ነበልባል ፈዛዛ ሰማያዊ ነው። በጠራራ ፀሐይ አይታይም። እጃችሁ ላይ ሙቀት ተሰምቷችሁ ምንም ላታዩ ትችላላችሁ። ጋራዣችሁ ውስጥ የዱቄት እሳት ማጥፊያ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይኑር። ለነዳጅ የሚሸጥ ኢታኖል እንዳይጠጣ መርዝ ይቀላቀልበታል፤ በመጠጥ ጠርሙስ አታስቀምጡት። መኪናውን ከመቀየራችሁም ሆነ ኢታኖል ራሳችሁ ከማውጣታችሁ በፊት የአገራችሁን ሕግ ጠይቁ። ብዙ ቦታ ለሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያውን 1,000 ኪሎሜትር ሩቅ አትሂዱ። ኪሳችሁ ውስጥ ሁለት ትርፍ ፊልትሮና ካቻቢቴ አይጥፋ። ዘይቱን ከለመዳችሁት በግማሽ ጊዜ ቀይሩ፤ የዘይቱ ክዳን ሥር ወተት የመሰለ አረፋ ካያችሁ ውሃ እየገባ ነው። መኪናውን ለወራት የምታቆሙት ከሆነ መጨረሻ ላይ በቤንዚን ጥቂት ደቂቃ አሠርታችሁ አቁሙት፤ ኢታኖል ከአየሩ ውሃ እየሳበ ካርቡራቶሩ ውስጥ እንዳይቀመጥ።

የዛሬ ማታ ሥራችሁን ልንገራችሁና ወደ ጥያቄ እንግባ። ማንም ሰው መሰርሰሪያ እንዳያነሳ። ኮፈኑን ክፈቱና ከነዳጅ ቱቦው ጫፍ ጣት የሚያህል ቁረጡ፤ በቦታው አዲስ ቱቦ አስገቡ። የቆረጣችሁትን ስፋቱን ለኩና ጻፉት። ክዳን ባለው ጠርሙስ ኢታኖል ውስጥ ክተቱት፤ ላዩ ላይ "መርዝ" ብላችሁ ጻፉበት፤ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡት። ከሁለት ሳምንት በኋላ አውጥታችሁ እንደገና ለኩት። ያኔ ታንኩን ለማውረድ ቀስቃሽ አያስፈልጋችሁም።

እሺ፣ ከኋላ እጅ ያወጣኸው፣ አንተ ጀምር።